ሰናፍጭ የተሠራበት ሜዳ

ለስድስት ዓመት በጎኑ አልፌያለሁ። የምሠራው ዴንቨር አየር ማረፊያ ነው። ፈረቃዬን ጨርሼ ወደ አውሮራ ስነዳ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ረጅም አጥርና ማለቂያ የሌለው ቢጫ ሣር አያለሁ። አንድም ቀን "ይሄ ምንድነው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የመንግሥት መሬት ይሆናል ብዬ አልፈዋለሁ። ደክሞኛላ።

ያስጠየቀኝ የእናቴ መምጣት ነው። ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ሁለት ወር ሆኗት ነበር። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ እንሠራለን፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ስለዚህ አሜሪካ ማለት ለእሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ፣ ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥንና መስኮት ሆነ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መስኮቱ ሥር ቆማ አገኘኋት። "ልጄ፣ እዚህ አገር መሬት የለም እንዴ?" አለችኝ። መሬት ስትል አፈር ማለቷ ነው። የሚረገጥ።

መካነ አራዊት ልውሰዳት ብዬ የመግቢያውን ዋጋ ለአምስት ሰው ደመርኩና ስልኬን ዘጋሁት። "አርሰናል ውሰዳቸው" ያለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። "ጎሽ አለ፣ አጋዘን አለ፣ ንስር አለ። ደግሞ ነፃ ነው።" አርሰናል ሲለኝ የመጣብኝ የእንግሊዙ ኳስ ቡድን ነበር። ነፃ ሲለኝ ግን ሌላውን አልጠየቅኩም።

ስለዚያ ነፃ ስለተባለ ቀን ላወራችሁ ነው፤ ስለ ሜዳውም፣ ለሜዳው ማን ምን እንደከፈለም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

*

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን የቀረው ቅዳሜ ነበር። እናቴ ሌሊቱን ስትሰናዳ አደረች ማለት ይቻላል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የሽሮ ፍትፍት፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ከደሴ ይዛ በመጣችው ሰናፍጭ እዚሁ የሠራችው ስልጆም ነበር። ስምንት ዓመት የሆናት ልጄ እንደልማዷ አልነሳም አለች። "ተነሺ፣ አንቺ ጀንበር ጠባቂ!" ብዬ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩባት። እኛ ቤት እንቅልፋም ሰው ጀንበር ጠባቂ ነው የሚባለው። እኔም ልጅ ሆኜ ተብያለሁ። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም፤ የቤተሰብ ቀልድ ነው፣ ማን ይጠይቃል?

ወጥ ቤት ገብታ የስልጆውን ዕቃ ከፍታ አሸተተችና አፍንጫዋን ይዛ ዘለለች።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሰናፍጭ አለበት። እናንተ ማስተርድ የምትሉት።"

እንደዋዛ የነገርኳት ቃል ከሦስት ሰዓት በኋላ ዞሮ እንደሚመጣብኝ በምን አውቄ።

በኮመርስ ሲቲ በኩል ገባን። በር ላይ ገንዘብ የሚቀበል የለም፤ ትኬት የለም። ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፣ ስትጠልቅ ይዘጋል። ሙሉ ስሙ ሮኪ ማውንቴን አርሰናል ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ስፋቱ ከ15,000 ኤከር በላይ ሲሆን በእኛ ልክ 150 ጋሻ ገደማ ይሆናል። በውስጡ 11 ማይል የሚዞር የመኪና መንገድ አለ። ጎሾቹ ባሉበት ክልል ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። እነሱ መንገድ ሲያቋርጡ ትቆማላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ለአንድ ቀን ባለመብቶቹ እነሱ ናቸው።

በመጀመሪያ ያየነው ፕሬሪ ዶግ የሚሉትን ነው። ስሙ ውሻ ይሁን እንጂ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ሽኮኮ የሚያክል ነገር ነው። በየጉድጓዱ አፍ በሁለት እግሩ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል፤ አደጋ ካየ ይጮኻል፣ ሁሉም ይገባል። እናቴ ሳቀች። "ፍልፈል ናቸው፤ ግን ዘበኛ ያቆማሉ" አለች። ቀጥሎ ጎሾቹ መጡ። ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ትልልቅ ጭንቅላታቸውን ደፍተው ሣር ይነጫሉ። ከአንዷ ሆድ ሥር ቀይ ጥጃ ብቅ አለ። ከተወለደ ቀናት ቢሆነው ነው። እግሩ ገና አልጸናም።

"እሰይ! የእናቱን መልክ አልወሰደም፤ ቀይ ነው" አለች እናቴ። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን ልትዘረጋ ስትል ልጆቹ ጮኹባት። ከጎሾቹ ኋላ የዴንቨር ሰማይ ጠቀስ ፎቆች፣ ከፎቆቹ ኋላ በረዶ የለበሱት ተራሮች ይታያሉ። በሁለት ወር ውስጥ ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። "ታዲያ መሬት አለ አትለኝም!" አለችኝ።

*

የጎብኚዎች ማዕከሉ ውስጥ የሜዳው ታሪክ በሥዕልና በጽሑፍ ተሰቅሏል። እውነቱን ለመናገር እኔ የገባሁት ሽንት ቤት ፍለጋ ነው። ልጄ ግን ለአያቷ አስተርጓሚ መሆን ትወዳለች፤ እጇን ይዛ ከሰሌዳ ሰሌዳ ታዞራታለች። ስመለስ ድምጿን ሰማሁ።

"አያቴ፣ እዚህ ድሮ ሰናፍጭ ይሠሩ ነበር!"

"ሰናፍጭ? ወይ ጉድ! ታዲያ እርሻው የታለ?"

ሰሌዳውን አነበብኩት። ልጄ ማስተርድ የሚለውን በትክክል ተርጉማዋለች፤ ከጎኑ ያለውን ጋዝ የሚለውን ቃል ግን ዘላዋለች። እንዳላረም ፈልጌ ነበር። ቀኑ ጥሩ ነበራ። ግን እናቴ እኔን እያየች ስለ ሰናፍጩ እርሻ መልስ ትጠብቃለች።

"እማዬ፣ የሚበላው አይደለም። መርዝ ነው። ለጦርነት የሚሠራ።"

"የምን መርዝ?"

"ጣሊያን እኛ ላይ የጣለው ዓይነት።"

ዝም አለች። ሰሌዳውን እንደምታነብ ሁሉ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ጤዛው?" አለች።

አልገባኝም። ወንበር ፈልጌ አስቀመጥኳት። የነገረችኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ማታ ቤት ገብተን በስልኬ ስለቀዳኋት ቃሉ የራሷ ነው።

"አባባ ማይጨው ዘምተው ሲመለሱ ነው። ከአሸንጌ ወዲህ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፣ ሊነጋጋ ሲል ሣር ላይ አረፉ። ሣሩ እርጥብ ነበር። ጤዛ መስሎን ይሉ ነበር። ጫማ የለ፣ ባዶ እግር ነው። በዚያው ፊቱን የዳበሰበትም ነበረ። ወዲያው ምንም አላላቸውም። ሲረፍድ ነው ማቃጠል የጀመረው። እግራቸው እንደ ቅቅል ድንች ተላጠ። ፊቱን የዳበሰው ጓደኛቸው ዓይኑ ጠፋ። አባባን ተሸክመው ነው ያመጧቸው። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ጤዛ ሳይረግፍ ከቤት አይወጡም። ጎረቤቱ ሁሉ በሬ ጠምዶ ሲያርስ አባባ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ሰዉ ሰነፍ አላቸው። ጀንበር ጠባቂው ብሎ ስም አወጣላቸው። እኛም ልጆቻቸው እናፍርባቸው ነበር። እኔም ስቄባቸዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

አያቴን አላውቃቸውም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ማይጨው መዝመታቸውን አውቃለሁ። መቁሰላቸውንም አውቃለሁ፤ ጥይት ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ልጄን የቀሰቀስኩበት ቀልድ የእሳቸው ቁስል ስም መሆኑን ያወቅኩት ኮሎራዶ ውስጥ፣ የሰው አገር ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነው።

*

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አነበብኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር የአያቴ ጤዛ ትክክለኛ ስም መሆኑ ነው። ይፕሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነገር ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ሰናፍጭ ያሰኘው ሽታው ነው። መሬት ላይ ሲያርፍ ቶሎ አይተንም፤ በተለይ ብርድ ባለበት አገር ለቀናት ሣሩ ላይ ይቆያል። የነካው ሰው ለሰዓታት ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ዓይንና ሳንባ ላይ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ነው። በባዶ እግሩ ለሚዘምት ሠራዊት ከዚህ የከፋ መሣሪያ ማሰብ ይከብዳል።

በ1925 የወጣው የጄኔቫ ስምምነት በጦርነት መርዝ ጋዝ መጠቀምን ከልክሏል። ጣሊያን ፈርማለች፤ አጽድቃውማለች። ሆኖም በዲሴምበር 1935፣ በእኛ ታኅሣሥ 1928 ማለት ነው፣ አውሮፕላኖቿ በተከዜ በኩል በነበረው በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ይፕሪት የተሞሉ ቦምቦች ጣሉ። እያንዳንዱ ትልቅ ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ፈሳሽ ይይዛል፤ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ፈንድቶ እንደ ዝናብ ይረጫል። ቀጥሎ ከአውሮፕላን በቀጥታ መርጨትም ተጀመረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ከተዋጋን በኋላ ወደ አሸንጌ ሐይቅ የሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ የወረደው ይኸው ነው። አያቴ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

በሰኔ 23 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ አስረድተዋል። አውሮፕላኖቹ በዘጠኝ፣ በአሥራ አምስት፣ በአሥራ ስምንት ተሰልፈው እንዴት እንደረጩ፤ ሰውም፣ ከብትም፣ ወንዝና ሐይቅም፣ የግጦሽ መሬትም እንዴት እንደተመረዘ። የተሰጣቸውን መልስ ታውቁታላችሁ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት። አያቴ ያኔ ሞተዋል።

*

ማይጨው ከሆነ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው ይህ ሜዳ ወደ ታሪኩ የሚገባው።

ጃፓን በዲሴምበር 1941 ፐርል ሀርበርን መታች። የአሜሪካ ጦር ጠላቶቻችን ጋዝ ቢጠቀሙ እኛም መመለስ አለብን ብሎ የራሱን ማምረቻ ለመሥራት ቦታ ፈለገ። ዴንቨር ከሁለቱም ውቅያኖስ የራቀች ናት፤ የጠላት አውሮፕላን በቀላሉ አይደርስባትም። ባቡር አላት፣ አየር ማረፊያ አላት፣ ሠራተኛ አላት። በ1942 ጦሩ ወደ 20,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት ወሰደ። በላዩ ወደ 200 የሚሆኑ የገበሬ ቤተሰቦች ነበሩ። ካሣ ተሰጥቷቸው በአጭር ጊዜ ውጡ ተባሉ። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የበቆሎና የስንዴ ማሳ የነበረው ቦታ መርዝ ያመርት ጀመር።

ገበሬዎቹም ቢሆኑ የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ከእነሱ በፊት ሜዳው አራፓሆና ሻየን የተባሉት ነባር ሕዝቦች ጎሽ የሚያድኑበት ነበር። በ1851 የአሜሪካ መንግሥት መሬቱ የእነሱ መሆኑን በስምምነት ተቀብሏል። አሥር ዓመት ሳይሞላ ወርቅ ተገኘ፤ ሰፋሪ ጎረፈ፤ ስምምነቱ ተሸረፈ። በኖቬምበር 29፣ 1864 ከዚህ በስተደቡብ ምሥራቅ ሳንድ ክሪክ በሚባል ቦታ ወታደሮች ከ200 በላይ ሰው ፈጁ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ጎሹም አብሮ ተጨፈጨፈ። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው እንስሳ በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከ1,000 በታች ደረሰ።

በአርሰናል የተሠራው ሰናፍጭ በኢትዮጵያ ላይ አልዘነበም። ያን ጊዜ ፋብሪካውም አልነበረም፤ አሜሪካም የጣሊያንን ወረራ ሕጋዊ ነው ብላ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ይህን የምጽፈው ለእናቴም ስላስረዳኋት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም አሜሪካ ጋዙን በጠላት ላይ አልተጠቀመችበትም። ከዚህ ፋብሪካ ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ሌላው ምርት፣ ናፓልም የተሞላ ተቀጣጣይ ቦምብ ነው። እሱ የጃፓንን የእንጨት ከተሞች አቃጥሏል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ፋብሪካው አልተዘጋም። ከ1953 እስከ 1957 ሳሪን የሚባለው የነርቭ መርዝ ተመረተበት። ከፊሉ ደግሞ ለግል ኩባንያ ተከራየ፤ ከ1952 ጀምሮ ሼል ኩባንያ እስከ 1982 ድረስ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሠራበት። የሁሉም እጣቢ የሚደፋው ሜዳው ላይ በተቆፈሩ ክፍት ገንዳዎች ነበር። መርዙ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሰረገ። በ1954 ከአጥሩ በስተሰሜን ያሉ ገበሬዎች ከጉድጓዳቸው ያጠጡት ሰብል ጠወለገ። ሐይቆቹ ላይ ያረፉ ዳክዬዎች በብዛት ሞቱ።

መሐንዲሶቹ መፍትሔ አገኘን አሉ፤ ቆሻሻውን ማንም የማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ እንቅበረው። በ1961 እስከ 3,671 ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ተቆፈረ። በማርች 1962 ፈሳሹን በግፊት መላክ ጀመሩ። በሚቀጥለው ወር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዴንቨር በመሬት መንቀጥቀጥ ብዙም የምትታወቅ ከተማ አልነበረችም፤ አሁን ግን ሰው ሌሊት ሳህን ሲንኳኳ እየሰማ ይነቃ ጀመር። በ1965 ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የዴንቨር ጂኦሎጂስት በየወሩ የተላከውን የፈሳሽ መጠንና በየወሩ የተመዘገበውን መንቀጥቀጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየ። ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በ1966 ጉድጓዱ ሥራ አቆመ፤ መሬቱ ግን ወዲያው አልረጋም። ከሁሉም የበረቱት መንቀጥቀጦች፣ መጠናቸው 5 አካባቢ የደረሰው፣ በ1967 ነው የመጡት። ሰው የምድርን ሆድ በፈሳሽ ወጥሮ ሊያንቀጠቅጣት እንደሚችል ለማስተማር ዛሬም የሚጠቀሰው ምሳሌ ይህ ጉድጓድ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጦሩ የተከማቸውን ሰናፍጭ እዚያው አቃጠለው። ለዘመቻው የሰጠው ስም "ፕሮጀክት ንስር" ነበር። አሥር ዓመት አልፎ፣ በ1986 ክረምት፣ እውነተኞቹ ንስሮች መጡ። አሜሪካ በዓርማዋ ላይ የምታደርገው፣ ያኔ ሊጠፋ የተቃረበው ራሰ ነጩ ንስር ከአጥሩ ውስጥ ዛፍ ላይ በቡድን ሲያድር ተገኘ። ለካስ ሰው ወደዚያ ሜዳ ለአርባ ዓመት ስላልገባ አራዊቱ ገብተውበታል። ዙሪያውን ቤት፣ መንገድና መጋዘን ሲውጠው ይህን ሜዳ ያተረፈው መርዙ ነው። ማን ደፍሮ ቤት ይሠራበታል?

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1987 ቦታው በአገሪቱ ቅድሚያ ጽዳት ከሚሹ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ገባ። በ1992 ሲጸዳ የዱር እንስሳት መጠለያ እንዲሆን ሕግ ወጣ። ጽዳቱ በ2010 ሲጠናቀቅ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። በመሐሉ፣ በ2000፣ ከአሮጌ ብረት ክምር ሥር ሳሪን የተሞሉ፣ ብርቱካን የሚያካክሉ ፈንጂዎች ተገኝተው ሁሉም ነገር ለጊዜው ቆሞ ነበር። በ2007 ከሞንታና 16 ጎሾች መጡ። እኛ ያየነው ቀይ ጥጃ ከእነሱ ዘር ነው።

ጸዳ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙው የተመረዘ አፈር እዚያው ሜዳ ላይ በታሸገ ጉድጓድ ተቀብሯል። በላዩ አፈርና ሣር አለ፤ ከሣሩ ሥር ደግሞ የሚቆፍሩ እንስሳት እንዳያልፉ የተፈጨ ኮንክሪት ተነጥፏል። ጎብኚ ወደዚያ አይገባም። የከርሰ ምድሩን ውኃ ጦሩ አሁንም ያጣራል፣ ይለካል። ሐይቁ ላይ ዓሣ ማጥመድ ይቻላል፤ ይዞ ሄዶ መብላት ግን ክልክል ነው። ማረስ፣ ውኃ ቆፍሮ መጠጣት፣ ቤት መሥራትም እንዲሁ።

*

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጋጭብኛል። በአንድ በኩል፣ ይህ ሁሉ የተጻፈ ነው። መርዙ የት እንደተደፋ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ማን እንደደፋው፣ ማን እንደከፈለ፤ ስምንት ዓመት ልጅ ለአያቷ ልታነብላት በምትችልበት ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል። ያበላሹት ራሳቸው ጻፉት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ገበሬዎቹ መሬታቸውን አላገኙትም፤ አራፓሆና ሻየንም እንዲሁ። የተመለሱት ጎሾቹ ናቸው፤ እነሱም በአጥር ውስጥ።

በእኛ በኩል መዝገቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በ1939 በመንዝ፣ ዘረት በሚባል ስፍራ፣ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የጣሊያን ጦር ይኸንኑ ይፕሪት ተጠቅሟል። የውጭ አጥኚዎች ዋሻውን ያገኙት በ2006 ነው። የአገሩ ሰው ግን ድሮም አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። ታሪኩ ስሙ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ጀንበር ጠባቂ በሚል ቃል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሰው ስንፍና ብሎ የሳቀበት፣ ልጆች ያፈሩበት፣ እኔ ልጄን የቀሰቀስኩበት። ስሙ ሦስት ትውልድ ተሻግሮ ሲደርሰኝ ሳቁ ብቻ ቀርቶ ነበር። እናቴ ባትመጣ፣ ልጄ አንድ ቃል ባትዘል፣ መካነ አራዊቱ ርካሽ ቢሆን፣ ለልጅ ልጆቼም ሳቁን ብቻ ነበር የማወርሳቸው።

*

ምሳችንን የበላነው ሐይቁ ዳር ነው። ልጆቹ ከመኪና እንደወረዱ ወደ ሣሩ ሮጡ። እናቴ ጮኸች። "ሣሩ ላይ እንዳትቀመጡ!"

"እማዬ፣ ጸድቷል እኮ። እዚህ ክልል ምንም የለም።"

"ማን አጸዳው?"

"ራሳቸው። ያመረቱት።"

"ራሳቸው..." አለች። ጎንበስ ብላ መዳፏን ሣሩ ላይ አሳረፈች፤ ወዲህና ወዲያ ዳበሰችው፤ መዳፏን ገልብጣ አየችው። አያቴ በየማለዳው ደጃፋቸው ላይ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

"ደርቋል" አለች። "ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። ፍትፍቱን በላን፣ ቆሎ ቆረጠምን። ልጄ ስልጆውን በዳቦ ጫፍ ቀመሰችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሄኛው የሚበላው ነው ብላ ለወንድሟ አስረዳችው። ስለ ቅድመ አያቷ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት። ስማቸውንም ነገርኳት። እዚህ አልጽፈውም፤ የእኛ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ስቀሰቅሳት በስሟ ነው የምጠራት። እሷ ግን ቃሉን ወዳዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና "ጀንበር እየጠበቅኩ ነው" ትለኛለች፤ አሁን ስትለው ምን እያለች እንደሆነ ታውቃለች።

እናቴ ወደ ደሴ ተመልሳለች። ስትደውል መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች፤ ቀጥላ ስለ ጥጃው።

"ያ ቀዩ አደገ?"

በየሁለት ሦስት ወሩ ሄደን እናያለን። ነፃ ነው። ጥጆቹ ሲያድጉ ቀይነታቸው ይጠፋል፤ ሁሉም እንደ እናቶቻቸው ጠቁረዋል፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አንችልም።

"አድጓል፣ እማዬ" እላታለሁ። "ከመንጋው ጋር ነው።"